እንጠብቃችኋለን

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን

ለልጄ፣ ለወይዘሪት ለምን፤

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝና እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ስታነቢ «ደህና ማለት ምን ማለት ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ያወጣሁልሽ ስም ዛሬም አልለቀቀሽም። ከወንዙ ማዶ፣ ሰላም አስከባሪዎቹ ሰፈር፣ አብረውሽ የሚያስተረጉሙት ልጆች በዚያው ስም እንደሚጠሩሽ የውሃ ቦቴው ሹፌር ነግሮኝ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ተከፍቷል። የጣሪያው ግማሽ ስለሌለ ፀሐይም ከተማሪዎቹ ጋር ትገባለች፤ ከእነሱ የምትለየው ሰዓት በማክበሯ ብቻ ነው። የታሪክ አስተማሪው ከሄደ ወዲህ የእሱን ክፍለ ጊዜ ለእኔ ለሰዋስው አስተማሪው ጭነውብኛል። አዲሱ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ «የጦርነት ማብቃትና ዓለም አቀፍ ሰላም ማስከበር» የሚል ምዕራፍ አለው። ምዕራፍ ይበሉት እንጂ አንድ ገጽ ከግማሽ ነው፤ ግማሹን ደግሞ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ ወታደር ለአንድ ሕፃን ኳስ ሲሰጥ የሚያሳይ ፎቶ ወስዶታል።

እንዴት አድርጌ ላስተምረው? እንዲህ አልኳቸው። ሁለት ልጆች ክፍል ውስጥ ቢደባደቡ ገላግዬ አንዱን መስኮት ሥር፣ አንዱን በሩ አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ ይህ ተኩስ ማቆም ነው። መካከላቸው የክፍል አለቃዋን አስቀምጣለሁ፤ ይህች ሰላም አስከባሪ ናት። አንዱ ለሌላው ላጲስ ያዋሰ ቀን ያ ዕርቅ ነው። በራሴ ምሳሌ ኮራሁ። ወዲያው የክፍል አለቃዋ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ እንግዲያው የእኛ ጦርነት አልቋል ወይስ አርፏል?» አለችኝ። አንቺን ነው ያስታወሰችኝ። የቤት ሥራ ሰጥቼ አመለጥኩ።

አንቺ ከሰዎቹ ጋር ውለሽ ስለምታድሪ ንገሪኝ፤ አንድ ሰው መጥቶ ቢመታን መተኮስ ይፈቀድላቸዋል? እስከ መቼስ ነው የሚቆዩት?

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። እግሯን ትንሽ አሟት ቤት ውላለች፤ የብርድ ነው። ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

መምህርሽ

ዓርብ፣ የካቲት 8 ቀን

ለጋሼ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዚያው ቀን ነው፤ መልሱ ነው ያስቸገረኝ።

የምሠራበትን ክፍል ቀደም ሲል ጠይቀውኝ ነበር። ከቆርቆሮ የተሠራ ኮንቴይነር ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሲመሽ ያንቀጠቅጣል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካርታና ሁልጊዜ የሚያጉረመርም ሬዲዮ አለ። አለቃዬ ረጅም ሻለቃ ነው፤ በሩን ሲገባ ግንባሩን ስለሚመታ ሁላችንም «ረጅሙ» እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከቋንቋችን አንድ ቃል አስተምሪኝ ይለኛል። እስካሁን «ውሃ»፣ «ሰላም»፣ «ቆይ» ተምሯል። እኔ ግን ምን ልበልዎ ጋሼ፣ አስተርጓሚ ማለት አፉን አከራይቶ ሐሳቡን የተከለከለ ሰው ነው።

መተኮስን በተመለከተ፣ አዎ ይፈቀድላቸዋል። መጀመሪያ ራሳቸውን ለመከላከል፣ ቀጥሎም አደጋ ላይ ያለውን ሰው «በአቅማቸውና በሚገኙበት አካባቢ»። ይህችን ሐረግ ስተረጉም ሁልጊዜ ምላሴ ይያያዛል። ሌላም ነገር ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። ሰላም አስከባሪ የሰላሙ ባለቤት አይደለም። የሚመጣው ተዋጊዎቹ ሲስማሙ ነው። የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ሩቅ አገር ባለ ትልቅ አዳራሽ እጅ እየወጣ ይራዘማል። ካልተራዘመ ይሄዳል። ሲሄድም የሚለውጠውን ሰው ይዞ መምጣት አይገደድም።

እስከ መቼ ይቆያሉ ላሉኝ ግን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። የፈረምኩበት ወረቀት አለ። አሁን ሆድ ይፍጀው። በምትኩ ለክፍሉ አንድ ጥያቄ ልላክ፤ መካከል የተቀመጠችው የክፍል አለቃ ትምህርት ቤት ብትቀይር ወንበሯ ላይ ማን ይቀመጣል? እባክዎ ይህን በደንብ ያስቡበት። ከልጆቹ ይልቅ እርስዎ።

እናቴን የትኛውን እግሯን ነው ያመማት? የብርድ ከሆነስ ለምን በእጇ አልጻፈችልኝም? በእግሯ አይደለም የምትጽፈው።

ተማሪዎ

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን

ለልጄ፣ ለወይዘሪት ለምን፤

እንደምን ዋልሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እንዴት እንደዋልሽ አይቻለሁ! ከነጩ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያውን ይዘሽ ቆመሽ ሳይሽ ኮፍያዬን አውልቄ አውለበለብኩልሽ። ዞር ብለሽም አላየሽን። ሥራ ላይ ነሽና አልተቀየምኩም። ያ ረጅሙ ነው አይደል አጠገብሽ የነበረው? የመኪናው በር ላይ ግንባሩን ሲመታ አይተን ሕፃናቱ በሳቅ ሞቱ።

ጥያቄሽን ክፍል ውስጥ አነበብኩት። «አለቃዋ ስትሄድ ወንበሯን የሚይዘው ጉልበተኛው ነው» አሉና ሳቁ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጭንቅ ብሎኝ ነበር የሰነበትኩት። በከተማው ወሬው ብዙ ነበር። ከተማችን ውስጥ ያሉት ወታደሮች ድንኳን እየነቀሉ ነው ሲባል ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ጋሪ ላይ ጫነ። እናትሽም ፍራሿን አስጠቅልላ ነበር። እንቅልፍ ያጣው ሰው ብዙ ነው።

ዛሬ አንቺ መጥተሽ ያን ቃል ስትናገሪ ሁሉም እፎይ አለ። «ጦራችን ወደ ማዶ ይዛወራል፤ እዚያ ሆነን እስከ እሁድ ምሽት እንጠብቃችኋለን።» እንዴት እንዳጨበጨብንልሽ ሰምተሻል። አደባባዩ ላይ ያለቀሱም ነበሩ። እስከ እሁድ እነዚህ ከማዶ ሆነው ይጠብቁናል፣ ከእሁድ በኋላ ተተኪዎቹ ይመጣሉ እየተባለ ነው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አወረደ። እናትሽም ፍራሹን አስፈታች፤ «የልጄ አፍ አይዋሽም» አለች።

አንድ ነገር ልንገርሽና ኩሪ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቃልሽን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተማርኩበት። እንጠብቃችኋለን። አያችሁ አልኳቸው፣ መነሻው «እኛ» ነው፣ መሐሉ «ጠበቀ» ነው፣ ከኋላው የተለጠፈው «እናንተ» ነው። የሰው አገር ቋንቋ በስንት ቃል የሚለውን የእኛ ሴት ልጅ በአንዲት ቃል ጨረሰችው። ከሥሩ ፍቺውን በትልቁ ጻፍኩ፤ «ጠበቀ፦ ከጥቃት ከለለ፣ ከአደጋ አዳነ»። ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ቤት ወስደው ለወላጆቻቸው እንዲያስረዱ አዘዝኩ። አንድ ገጽ ከግማሹ ምዕራፍ ያልነገራቸውን አንቺ ነገርሻቸው።

እግሯን አታስቢ።

መምህርሽ

ዓርብ፣ የካቲት 15 ቀን

ጋሼ፣ ሰላምታ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረስዎ ቁጭ ብለው እንዳያነቡት። እየሄዱ ያንብቡት። ሰሌዳውን ያጥፉት።

ረጅሙ ያለኝ «እስክትመጡ ድረስ እንቆያለን» ነው። ወንዙን ተሻግረን እስከ እሁድ ምሽት ቆመን የሚመጣውን ሰው እንቀበላለን ማለቱ ነው። እኔ «እንጠብቃችኋለን» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። አውቶቡስ እንደሚጠበቅ፣ እንግዳ እንደሚጠበቅ። እናንተ ግን በግ እንደሚጠበቅ፣ ቤት እንደሚጠበቅ ሰማችሁት። ስታጨበጭቡ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም። በሕይወቴ «ለምን» ሳልል የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የእርስዎን ኮፍያም አይቼው ነበር። ሥራ ላይ ከዘመድ ጋር ሰላምታ ክልክል ነውና አንገቴን አዞርኩ።

ተተኪ የለም። ጊዜያቸው አልተራዘመም። መግለጫው ውስጥ «ውጡ» የሚል ቃል እንዳይገባ ከላይ ታዟል፤ ሕዝብ አፈናቀሉ እንዳይባሉ ነው። እሁድ ሲመሽ የድልድዩ በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በእናንተ በኩል ማን እንደሚገባ ለእርስዎ መንገር አያሻኝም። «አርፏል» ያልነው ይነሣል።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ወደ ረጅሙ ሮጥኩ። መኪናውንና ድምፅ ማጉያውን ስጠኝ፣ ተመልሼ ላስተካክለው አልኩት። ለአለቆቹ በሬዲዮ ጠየቀ። የጸደቀ መግለጫ አይለወጥም፣ ወደ ከተማው ተመልሶ የሚሄድ መኪናም የለም አሉት። ብዙ ከተከራከራቸው በኋላ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ቀና ሲል «ይቅርታ በቋንቋችሁ ምን ይባላል?» አለኝ። አልነገርኩትም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ የእኔ ቃል አፋፉ ላይ እናንተን ይዞ ቆሟል። የውሃ ቦቴው ሹፌር ነገ አንድ ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፤ የመጨረሻው ነው፣ ሰው መጫንም ተከልክሏል። እባክዎ ጋሼ፣ ቤት ለቤት ይሂዱ። ለልብስ ሰፊው ይንገሩት። እናቴን ያምጡልኝ። እግሯን ካመማት በጋሪ፣ ጋሪ ከሌለ በጀርባ።

ተማሪዎ

ቅዳሜ፣ የካቲት 16 ቀን

ልጄ፤

ሰሌዳውን አጥፍቻለሁ። የልጆቹን ጭንቅላት የሚያጠፋ ዳስተር ግን አላገኘሁም።

ትናንት ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ከቤቴ ወጣሁ፤ እስካሁን አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ የሄድኩት ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። ሱሪ እየጠቀመ ነበር። «አይጠብቁንም!» አልኩት። «ማን ነው የማይጠብቀን?» አለኝ። «ሰላም አስከባሪዎቹ ናቸዋ። አይጠብቁንም፤ ይጠብቁናል እንጂ!» አልኩ። እግሩን ከመርገጫው ሳያነሣ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ትናንት ይጠብቁናል አሉ፤ ዛሬ አይጠብቁንም ይጠብቁናል ይላሉ። እስቲ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ፤ ፀሐይ መትቶዎታል» አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የቆጠብኩት ቋንቋ በቸገረኝ ቀን ከዳኝ።

ከዚያ በኋላ ያን ግሥ ጭራሽ ተውኩት። «ይሄዳሉ» አልኩ። «ብቻችንን ልንቀር ነው» አልኩ። «ወንዙን የተሻገረ ይተርፋል» አልኩ። ልብስ ሰፊው ያኔ ነው የስፌት መኪናውን ያቆመው። ጋሪውን አወጣ፤ የስፌት መኪናውን ግን ዛሬ አልጫነም። የጎረቤት ሕፃናትን ጭኖ ማለዳ ሄዷል፤ አይተሻቸው ይሆናል።

የማይሰማኝ ግን ብዙ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላቸው «አንተ አይደለህ እንዴ አትጠርጥሩ ያልከን?» ይሉኛል። አንዲት እናት የልጇን ደብተር አምጥታ ፊቴ ዘረጋችው። «ከጥቃት ከለለ፣ ከአደጋ አዳነ» ይላል፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ትክክል» ብዬ ፈርሜበታለሁ። «ፊርማው የርስዎ አይደለም?» አለችኝ። የእኔ ነው አልኩ። በሩን ዘጋችብኝ። እዚያው ደጃፍ ላይ አለቀስኩ ልጄ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ደግሞ የሚያምነው ሰው ይበልጥ ያንሳል።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ ከዚህ በላይ ልደብቅሽ አልችልም። የትኛው እግሯ ነው ብለሻል። ሁለቱም ነው። በዝናቡ ወራት ያ የጓሮ ግድግዳ ሲናድ እላይዋ ወደቀ፤ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ካልጋ አትወርድም። «ካወቀች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ ከመጣች መውጫ የላትም» ብላ አስምላኛለች። አልጻፈችልሽም ያልሽው፣ ጀምራ ነበር፤ ለአንቺ ስትጽፍ ፊደሏ ይረጥብባታል።

ነገ እናመጣታለን። የክፍሉን በር ከማጠፊያው ነቅለን እንደ ቃሬዛ እንሸከማታለን፤ አራት ሰው ቃል ገብቶልኛል። ጠብቂን። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት፤ አንቺ ግን ገብቶሻል።

መምህርሽ

እሁድ፣ የካቲት 17 ቀን፣ እኩለ ቀን

ልጄ፤

ይህን የምትሰጥሽ የክፍል አለቃዋ ናት። ጓደኞቿን አስከትላ ነው የምትመጣው። ወላጆቻቸው እኔን ባያምኑም ልጆቹን ብቻ እንኳ ልኩ ብዬ ለምኜ ያስፈቀድኳቸው አሉበት። ተቀበያቸው። ደብተራቸውን እንዳይጥሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያንን ገጽ ግን ቅደጂው።

በሩን ነቅለን ነበር። እናትሽን አንሥተን ደጅ እንደደረስን ሕመሙ በረታባትና ራሷን ሳተች። ስትነቃ «መልሱኝ» አለች። ከአራቱ ሰዎች ሁለቱ የራሳቸውን ሕፃናት አዝለው መሄድ ነበረባቸው። አልፈረድኩባቸውም። እኔና አንድ ሌላ ሽማግሌ ብቻ ቀረን፤ እኛ ደግሞ በሩን ራሱን ባዶውን አንችለውም።

ስለዚህ ቀርቻለሁ። ሰምተሽ እንዳትጮኺ። ደብተሩን ይዘው የተቀመጡት ቤተሰቦችም አሉ፤ በእኔ ፊርማ ተማምነው የቀሩ ሰዎችን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ? እናትሽን እኔ እጠብቃታለሁ። ቃሉን አውቄ ነው የተጠቀምኩበት፤ ሰሌዳው ላይ በጻፍኩት ፍቺ ነው።

«አልቋል ወይስ አርፏል» ላለችው አንቺ መልሽላት። እኔ የሰዋስው አስተማሪ ነኝ፤ ግሡን እንጂ ጦርነቱን አላውቀውም።

ድልድዩን ተሻግረሽ እንዳትመጪ። ይህ የእናትሽም የእኔም ትእዛዝ ነው፤ «ለምን» የለውም።

መምህርሽ

ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን

ለጋሼና ለእናቴ፤

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያደርስልኝ አላውቅም። ሹፌሩ ወዲያ ማዶ አልሻገርም ብሏል። ቢሆንም ካልጻፍኩ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

ልጆቹ ሁሉም ደርሰዋል። ልብስ ሰፊው ጋሪውን ይዞ ሁለተኛ ሊመለስ ሲል በሩ ተዘጋ። ረጅሙ ከተፈቀደለት አልፎ እስኪጨልም ድረስ ክፍት አድርጎት ነበር። ሬዲዮው ሲጠራው አልሰማም ብሎ ጀርባውን ሰጠው፤ በኋላ ግን ሰማ። እኔ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሜ የሚሻገረውን ሁሉ ፊት ፊቱን አየሁ። በር የተሸከመ ሰው ፈለግሁ። ሩቅ የመጣ ጥላ ሁሉ በር የተሸከሙ ሰዎች ይመስለኝ ነበር።

የክፍል አለቃዋ ደብዳቤዎን የሰጠችኝ ያኔ ነው። ስጨርሰው እግሬ ወደ እናንተ መሄድ ጀምሮ ነበር። እሷ ቀሚሴን ያዘችኝ። «ጋሼ ‹ለምን› የለውም ብለዋል» አለችኝ፤ ሳላነብላትም ሳላሳያትም፣ መንገድ ላይ አንብባው በቃሏ ይዛዋለች። ቆምኩ። እርስዎን ታዝዤ ነው ወይስ ፈርቼ፣ እስካሁን አልለየሁትም። ፈርቼ ይመስለኛል። እማዬ፣ ፈርቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

መኪኖቹ ሲነሡ ለአስተርጓሚዎች ቦታ ነበር። ረጅሙ እጁን ዘረጋልኝ። አልወጣሁም። «ቆይ» አልኩት፣ የሚያውቀውን ቃል። አልቆየም፤ ሊቆይም አይችልም ነበር። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ይቅርታ» አለኝ፣ በእኛው ቋንቋ። ከማን እንደተማረው አላውቅም።

አሁን ከልጆቹ ጋር ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነን። ዛሬ ጠዋት ከረጢት አንጥፈው ተደርድረው ተቀመጡና ክፍለ ጊዜው የታሪክ ነው አሉኝ። መጽሐፉን አንደኛዋ ይዛለች፤ ያ ኳስ የሚሰጠው ወታደር አለበት። ከደብተራቸው ቅደጂ ያሉኝን ገጽ ግን አልቀደድኩትም ጋሼ፤ ልጆቹ የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ሌላ ወረቀት የላቸውም። ሰላም አስከባሪ መካከል የሚቆም ሰው ነው አልኳቸው። በቆመበት ሰዓት መቆሙ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ያድናል። ሲሄድ ደግሞ መሄዱ እውነት ነው። ከዚህ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

የክፍል አለቃዋ እጇን አወጣች። ምን እንደምትጠይቅ አውቄው ነበር። ሌሊቱን ከማዶ ድምፅ ነበር፤ አሁን የለም። ቆሟል። ቆመ ማለት አለቀ ማለት እንዳልሆነ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ «አላውቅም» አልኳት። ተናደደችብኝ። እርስዎም የቤት ሥራ ሰጥተው አምልጠው የለም? እኔም ሰጠኋቸው። «ጠበቀ» በሚለው ግሥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ፣ ትርጉማቸው የተለያየ ይሁን አልኩ። ልጆቹ እየጻፉ ነው። እኔም የእኔን ሠራሁ፤ በቀይ ያርሙልኝ።

ልጠብቃችሁ አልቻልኩም። እጠብቃችኋለሁ።

ወይዘሪት ለምን